አስታማሚ ዋርድ ውስጥ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ሜዲካል ዋርድ ነርስ፣ አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። የተኛው ታካሚ ሳይሆን አስታማሚው ወይም ጠያቂው አልጋው አጠገብ ቢወድቅ ምን ላስቀድም? ካርድ የለው፣ የታዘዘለት ነገር የለ፣ የሕመም ታሪኩን አናውቅ። ቤተሰቡ ከብቦ አንዱ ውኃ ይረጫል፣ አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ ሌላው ደግፎ ሊያስቀምጠው ይታገላል። ማታ ደግሞ ተረኞቹ ሁለት ብቻ ነን፤ ታካሚዎቼንስ ለማን ልተው?

መልስ (ድንገተኛ ክፍል ነርስ)
ሲስተር፣ የካርዱን ነገር ለጊዜው ተዪው። ትከሻውን ነካ አድርገሽ ጥሪው። ካልመለሰ እርዳታ ጥሪ፤ «ድረሱ» ብቻ ግን አይበቃም። «አንተ ስትሬቸር፣ አንቺ ኢመርጀንሲ ትሮሊውን (የድንገተኛ መድኃኒትና ዕቃ ጋሪውን)» እያልሽ ለይተሽ እዘዢ። ከዚያ አገጩን ቀና አድርገሽ ትንፋሹንና የአንገቱን ምት አብረሽ እዪ፤ ከ10 ሰከንድ አይብለጥ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ልብ ሲቆም ለጥቂት ደቂቃ አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ አየር መሳብ ሊታይ ይችላል፤ «ይተነፍሳል» ያሰኛል። ትንፋሽ አይደለም። ምት ከሌለ ወይም ካጠራጠረሽ እዚያው ወለሉ ላይ ደረቱን መጫን ጀምሪ። አልጋ ላይ አታውጡት፤ ጊዜ ይባክናል፣ ፍራሹም ግፊቱን ይውጠዋል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ 30 ግፊት ለ2 የአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ፊኛ) ትንፋሽ፣ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ) ካለ ወዲያው ይምጣ።

የሚተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝተሽ እግሩን ከፍ አድርጊ፤ ካስመለሰው በጎኑ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጎኗ። ራሱን የሳተን ሰው ደግፎ ማስቀመጥ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ለቤተሰቡ ይህንኑ ንገሪያቸው። ሲወድቅ ጭንቅላቱን ሲሚንቶ ከመታ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ያዙት።

መልስ (የውስጥ ደዌ ነርስ፣ ሐዋሳ)
ትንፋሹ ካለ ስኳሩን ቶሎ ለኪ። አስታማሚ ሳይበላ፣ ወንበር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ያድራል፤ በጾም ወቅት ደግሞ ይብሳል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ለታካሚው ብርቱካን ሲልጥ የቆየ ጣት ላይ የቀረው ጭማቂ ግሉኮሜትሩን (የስኳር መለኪያውን) ያሳስታል፤ 50 mg/dL የሆነው 120 ሊያሳይ ይችላል። አልኮል ብቻውን አያስለቅቀውም፤ ጣቱን በውኃ አጥበሽ አድርቂ።

ከ70 በታች ሆኖ ከነቃና መዋጥ ከቻለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ አጠጪው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ፣ ከዚያ ምግብ። ካልነቃ በአፉ ጠብታ እንኳ አይግባ፤ ወደ ሳንባው ይሄዳል። በተቋማችሁ መመሪያ መሠረት 40% ግሉኮስ፣ ባለ 20 ሚሊ ሊትር 3 አምፑል (24 ግራም) በትልቅ ደም ሥር በቀስታ ይሰጠዋል። መስመሩ ደም ሥር ውስጥ መሆኑን ሳታረጋግጪ አትግፊ፤ ከፈሰሰ ሥጋውን ያቃጥላል። ግሊበንክላሚድ (የስኳር በሽታ ክኒን) የሚወስድ ከሆነ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላም ተመልሶ ይወርዳልና ነቃ ተብሎ አይለቀቅ።

መልስ (የሚጥል በሽታ ክሊኒክ ነርስ)
ስለ ክብሪቱ፦ የወደቀው የሚጥል በሽታ ይዞት ቢንፈራገጥም ሽታው መንፈራገጡን አያስቆመውም። ዋርድ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የሚወስድ ታካሚ አጠገብ እሳት መጫር ሌላ አደጋ ነው። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ እጅና እግሩን አትጫኑ፣ ከራሱ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ መንፈራገጡን የሚያስቆመው ዲያዜፓም 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር በቀስታ፣ አምቡ ባግ አጠገብ ተዘጋጅቶ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስኳሩ ደህና ሆኖ ወዲያው ከነቃስ? ልልቀቀው?

መልስ (ድንገተኛ ክፍል ነርስ)
መጀመሪያ ደም ግፊቱን ተኝቶ፣ ከዚያ ቆሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ ለኪ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ይቆይ። ከመውደቁ በፊት ደረቱን አሞት ወይም ልቡ መትቶበት ከነበረ ግን በስትሬቸር ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) በ10 ደቂቃ ውስጥ። በእግሩ አትላኪው።

መልስ (የዋርድ ኃላፊ)
ሁለት ተረኛ ከሆናችሁ አንዷ ከወደቀው ጋር፣ ሌላዋ ከታካሚዎች ጋር፣ በተለይ ደም እየተሰጠው ካለው ጋር። ለድንገተኛ ክፍል ቀድማችሁ ደውሉ። የታካሚው ቤተሰብ ገዝቶ ያስቀመጠውን መድኃኒት አትጠቀሙ፤ ከትሮሊው ይወሰድና ይመዝገብ። የአስታማሚውን ቫይታል ሳይን (ደም ግፊት፣ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀት) በታካሚው ቻርት ላይ አትጻፉ፤ ጠዋት ለታካሚው መድኃኒት ሊታዘዝበት ይችላል። በነጭ ወረቀት ስም፣ የወደቀበት ሰዓት፣ ያያችሁት፣ የሰጣችሁት መጠን ይጻፍና አብሮት ይሂድ፤ ካርዱ እዚያ ይወጣለታል።