ክርክር፦ የሲልቪያ ፕላዝ «ኤሪየል» የቱ ነው፣ የ1965ቱ ወይስ የ2004ቱ?

ሰላም፦ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ፕላዝ በየካቲት 1963 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ስትሞት የግጥም መጽሐፏ የ«ኤሪየል» ረቂቅ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። በታይፕ ተመትቶ፣ በቅደም ተከተል ተደርድሮ፣ 40 ግጥም። ባሏ ገጣሚው ቴድ ሂዩዝ በ1965 በፌበር ማተሚያ ቤት ሲያሳትመው ደርዘን ያህሉን አወጣ፣ ሌሎች አስገባ፣ ቅደም ተከተሉንም ቀየረ። የእሷ አሰላለፍ የታተመው በ2004 ነው። ለእኔ መጽሐፏ ይሄኛው ብቻ ነው።

አቤል፦ ያስገባቸውም እኮ የራሷ ግጥሞች ናቸው! «ኤጅ»ን የጻፈችው ልትሞት ቀናት ሲቀሯት ነው። እንዲህ ያለ ግጥም በእጁ ይዞ እንዴት ይተወው?

ሰላም፦ በሌላ መጽሐፍ ያውጣው። በ1963 መጀመሪያ የጻፈቻቸውን ረቂቁ ውስጥ አላስገባቻቸውም። እሷ መጽሐፉን የጨረሰችው ስለ ንቦች በጻፈቻቸው ግጥሞች ነው። የመጨረሻው «ዊንተሪንግ» ነው፤ ንቦቹ ክረምቱን አልፈው ጸደይን ሲቀምሱ ያልቃል። ሂዩዝ እነዚህን መሃል አስገብቶ መጨረሻው ላይ «ኤጅ»ን እና «ወርድስ»ን አደረገ። ለመኖር የሚታገል መጽሐፍ ወደ ሞት የሚያመራ ሆነ። ብዙ ሰው ፕላዝን ገና ከጅምሩ ሞትን የመረጠች አድርጎ የሚያነባት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ሕይወት፦ የወጡትንም እዩ። «ዘ ራቢት ካቸር» እና «ዘ ጄይለር» አሉበት። ትዳሩ ውስጥ የነበረውን ጭቆና የሚናገሩ ናቸው። በ1962 ተለያይተዋል፣ ግን አልተፋቱም፤ ኑዛዜም አልተወችም። ስለዚህ መብቱ ለባል ሄደ። የተከሰሰው ሰው ራሱ ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ ልጆች፣ ለሰውየውም ፍረዱለት። የእሷን ዝርዝር በ1981 በሙሉ ግጥሞቿ መድበል ውስጥ ያሳተመው ማን ነው? እሱ ነው። ግላዊ ጥቃት ያለባቸውን እንዳወጣም እዚያው ጽፏል። መድበሉም በ1982 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። የ2004ቱን መቅድም የጻፈችው ልጃቸው ፍሪዳ እንኳ የአባቷን እትም አልጣለችም።

ሕይወት፦ እሺ ጋሼ፣ ግን ከ1965 እስከ 1981 ድረስ 16 ዓመት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አንባቢው የእሷን አሰላለፍ የሚያይበት ዝርዝር አልነበረውም።

አቤል፦ ያም ሆኖ ዓለም ያወቃት በ1965ቱ ነው። አሜሪካ ውስጥም በ1966 ገጣሚው ሮበርት ሎውል መቅድም ጽፎለት ወጣ። ስንት ገጣሚ በዚያ መጽሐፍ ተለወጠ! አሁን ተነስተን እንዳልነበረ ልናደርገው አንችልም።

ሰላም፦ ይኑር፣ ማን ይቃጠል አለ? የአርታኢው ስም ሽፋኑ ላይ ይጻፍበት። ተማሪ መጀመሪያ የሚሰጠው ግን እሷ የደረደረችው ይሁን።