የቦክሰኞችን ግምት ታምናላችሁ?

ናቲ ከሳሪስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከርሟል። መስከረም 2018 ላይ ካኔሎ አልቫሬዝና ቴሬንስ ክሮፎርድ ሊገጥሙ ሲሉ ሁለት ሳምንት ሙሉ የቦክሰኞችን ግምት ስሰማ ነበር። እኔ ጓንት አጥልቄ አላውቅም። ስለዚህ የነሱን ቃል ከማንም በላይ ነው የማምነው። እኔ ከሰማኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ ካኔሎ ያሸንፋል አሉ። ምክንያታቸው ክብደት ነበር። ክሮፎርድ ስሙን የገነባው በ135፣ በ140 እና በ147 ፓውንድ ነው፤ ይሄ ግጥሚያ ደግሞ በ168 ነው። አሳማኝ ነው፣ እኔም አመንኩ።

እሁድ ጠዋት ቁርስ እንኳ ሳንበላ ከጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን አየን። ክሮፎርድ በሦስቱም ዳኞች አሸነፈ። 116 ለ112፣ ሁለቱ ደግሞ 115 ለ113።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የቀድሞ ቦክሰኛ ሪንጉ ሥር ተቀምጦ ማይክ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። "ግራ እጁን እያወረደ ነው" ይላል። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ በዚያው በኩል ቡጢ ይገባል። እኔ ቡጢውን አያለሁ፣ የወረደውን እጅ ግን አላየሁትም። ታዲያ ያው ሰው ከግጥሚያው በፊት ለምን ይስታል? ቦክስ የሠራ ሰው ካለ እባካችሁ አስረዱኝ።

የመርካቶው፦

ግማሹ ንግድ ነው ወንድሜ። ግምት ትኬት ይሸጣል። መሐመድ አሊ ገና ካሲየስ ክሌይ ሳለ ዙሩን ሳይቀር እየጠራ ነበር የሚገጥመው። በፈረንጅ 1962 አርቺ ሙርን በአራተኛው ዙር እጥለዋለሁ አለ፣ በአራተኛው ጨረሰው። በዓመቱ ሄንሪ ኩፐርን በአምስተኛው አለ፣ በአምስተኛው አበቃ። ሰው ሲሳካለት ለማየትም ሲያፍር ለማየትም ይከፍላል።

ግራ እጅ፦

የመርካቶው፣ ንግዱ እውነት ነው። የክሌይ ግን ይለያል፤ የገመተውን የሚፈጽመው ራሱ ነው። እንዲያም ሆኖ ኩፐር አራተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል በግራ ቡጢ መሬት ላይ ዘርሮታል፣ ደወል ነው የደረሰለት። በዚያው ዓመት ደግሞ ዳግ ጆንስን በአራተኛው እጨርሰዋለሁ ብሎ እስከ አሥረኛው ዙር ድረስ ለፍቷል።

ወደ ናቲ ጥያቄ ልምጣ። ቦክስ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፣ በ57 ኪሎ። በግራ እጄ ነው የምመታው። አሁን ሰፈር ውስጥ ልጆች አሠለጥናለሁ። እኔ ያየሁት ይሄን ነው፤ ቦክሰኛ ሲገምት ሁለቱን ተጋጣሚዎች አያይም። አንዱን አውጥቶ በቦታው ራሱን ያስገባል።

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ የክለብ ጓደኛዬ ግጥሚያ ተያዘለት። ተጋጣሚውን እኔ በልምምድ ሁለት ቀን አግኝቼዋለሁ። ቀኝ ቀጥታው፣ በቀኝ እጁ በቀጥታ የሚሰነዝረው ቡጢ፣ መከራዬን አበላኝ። አገጬ አብጦ ለሳምንት እንጀራ እንኳ ሳኝክ ያመኝ ነበር። ጓደኛዬን "ይሄን ልጅ አትችለውም" አልኩት። ግጥሚያው ይሰረዝ ብዬ አሰልጣኛችንን ለመንኩ። አልተሰረዘም። ጓደኛዬ ወጣና ሦስቱንም ዙር አሸነፈ።

ምን ጠፋኝ? ቀኝ ቀጥታ በግራ እጁ ለሚመታ ቦክሰኛ ዋናው ጠላት ነው። እኔ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ስቆም ለተጋጣሚዬ ቀኝ እጅ መንገዱ ክፍት ነው፣ አገጬ ፊት ለፊቱ ነው ያለው። ጓደኛዬ ግራ እግሩን አስቀድሞ ነው የሚቆመው። የግራ ትከሻውና የግራ እጁ መንገዱ ላይ ቆመዋል። እኔን ያሳመመኝ ቡጢ እሱ ትከሻ ላይ እያረፈ ቀረ። ፊት ለፊት ቁሜ ሳየው ነው የገባኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጁ በኔ ቃል እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው ሪንግ የወጣው፤ ጓንቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ፣ አይቻለሁ።

አሁን ቦክሰኛውን ጆ ፍሬዘርን አስቡት። በ1974 ኪንሻሳ ላይ አሊና ጆርጅ ፎርማን ሲገጥሙ ማይክ ከያዙት አንዱ እሱ ነበር። ፎርማን ከዓመት ከምናምን በፊት ኪንግስተን ላይ በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጥሎታል። ከአሊ ጋር ደግሞ እስከዚያ ቀን ሃያ ሰባት ዙር ተፋልሟል። የሁለቱንም ቡጢ በአካሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ግን የፎርማንን ቡጢ ያወቀው ወደ ፊት እየገባ ነው፣ እሱ ሌላ አካሄድ አልነበረውም። አሊ ገመድ ተደግፎ ፎርማንን ሲያደክም ዋለና በስምንተኛው ዙር ጣለው። ያን ቀን በፎርማን በኩል ከቆሙት አንዱ ማን ነበር? የመርካቶው የጠራው አርቺ ሙር።

አንዳንዴ ደግሞ ራስን ማስገባት ልክ ይሆናል። ሹገር ሬይ ሊዮናርድ በ1986 ሪንጉ ሥር ተቀምጦ ማርቪን ሃግለርና ኡጋንዳዊው ጆን ሙጋቢ ሲገጥሙ አየ። ሃግለር በ11ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ሌላው ሰው ድሉን አይቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሊዮናርድ ግን ሃግለር እንደ ድሮው እንዳልፈጠነ፣ ብዙ ቡጢ እንደቀመሰ አየ። ሊዮናርድ ከ1984 ወዲህ አልተጋጠመም ነበር። ይሄን ሰው እችለዋለሁ ብሎ ተመለሰና ኤፕሪል 6 ቀን 1987 ሁለት ዳኞች ለአንድ አሸነፈ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ውጤቱን ይከራከርበታል። ግምቱ ግን የያዘለት ሪንግ የሚገባው ራሱ ስለነበረ ነው።

ሂሩት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ግራ እጅ፣ የጓደኛህ ታሪክ ልቤን ነካው። ግን ሪንጉ ሥር ሲቀመጡ ሁሉን ያያሉ በሚለው የናቲ ሐሳብ አልስማማም። ነጥብ ላይ እነሱም ይስታሉ። አጥቂ የነበረ ለአጥቂ ያደላል፣ ተከላካይ የነበረ ለተከላካይ። እኔና አባቴ ትልቅ ግጥሚያ ሲሆን ድምፁን ዘግተን ዙር በዙር ወረቀት ላይ እንጽፋለን። በማግስቱ ድምፁን ከፍተን ደግመን እናያለን። የኡሲክና የፉሪን የመጀመሪያ ግጥሚያ፣ የ2024ቱን የሪያዱን፣ እንዲህ ስናይ ሁለት ዙር ተቀየረብን። ቡጢዎቹ ያው ናቸው። የተጨመረው የሰው ድምፅ ነው። ዳኞቹ ራሳቸው ተከፋፍለው ነበር፣ ሁለቱ ለኡሲክ፣ አንዱ ለፉሪ። አባቴ አሁን ድምፅ ማስከፈት ትቷል።

ግራ እጅ፦

ሂሩት እህቴ፣ ልክ ነሽ። ነጥብ መያዝ ሌላ ሙያ ነው፣ ቦክሰኛ ስለሆንክ አታገኘውም። ዳኞችም ቢሆኑ ሪንጉ ሥር ተቀምጠው ይስታሉ። በ1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ ማይክ ታይሰንን ሲገጥም፣ ታይሰን ያሸንፋል ብሎ ያላሰበ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ላስ ቬጋስ ላይ አቋማሪዎች ለዳግላስ የሰጡት ዕድል 42 ለ1 ነው። ዳግላስ እናቱን ከቀበረ ወር አልሞላውም። ጃቡን፣ በፊተኛው እጅ የሚወረወረውን ፈጣን ቀጥታ ቡጢ፣ እየወረወረ ታይሰንን ከሩቅ ያዘው። ዘጠኝ ዙር ሲያልቅ ግን አንዱ ዳኛ ለታይሰን 87 ለ86፣ አንዱ እኩል፣ ሦስተኛው ለዳግላስ 88 ለ82 ይዘው ነበር። ይሄን ስድስት ነጥብ ልዩነት አስቢው። በአሥረኛው ዙር ዳግላስ በዝረራ ባይጨርሰው ምን ይባል ነበር?

ናቲ፣ ያን ግጥሚያ ፈልግና በሂሩት መንገድ ድምፁን ዘግተህ እየው። አንድ ነገር ብቻ ተከታተል። ጃብ ከተወረወረ በኋላ እጁ የት ይመለሳል? የዳግላስ ወደ አገጩ ነው የሚመለሰው። የደከመ ሰው እጅ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ደረቱ ላይ ይቀራል። ማይክ የያዘው ቦክሰኛ የሚያየው እሱን ነው።

ናቲ ከሳሪስ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። ጓደኛህ ግን ይቅር አለህ?

ግራ እጅ፦

ልጆቹን አብረን ነው የምናሠለጥነው። ግጥሚያ ሲኖራቸው ግምት ከአፌ አይወጣም። ጓንታቸውን ሳስርላቸው "እጅህን መልስ" እላቸዋለሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ አለን። ሳሪስ ቅርብ ነው፣ ብቅ በልና እይ።