የሚዛን ንባብ ኮምፒውተር ላይ ተዘባርቆ ይመጣል፣ እባካችሁ ቶሎ!

ባለሚዛኑ፦ ሰላም ወገኖች። የሰሊጥ መጋዘን የመኪና ሚዛን ላይ ነው የምሠራው። ትናንት ኮምፒውተሩን ከሚዛን ቤት ወደ አዲሱ ቢሮ አዛወርነው። ዛሬ ኢንዲኬተሩ (የሚዛኑ ቁጥር ማሳያ) 38460 ሲል ኮምፒውተሩ 3#?6 ይላል። ስምንት መኪና ተሰልፏል፣ ሾፌሮቹ ሊበሉኝ ነው!

ፎርማት_አድርገው፦ ድራይቨሩን አጥፍተህ እንደገና ጫን።

ጋሽ ሽቦ፦ ልጄ፣ ዋናውን ዘለልከው። ኬብሉ ስንት ሜትር ነው? ባውድ ሬቱስ፣ ዳታው የሚላክበት ፍጥነት?

ባለሚዛኑ፦ 70 ሜትር፣ 19200። ኬብሉ አዲስ የኔትወርክ ኬብል ነው፣ እሱ ችግር የለበትም። እስከ 100 ሜትር ይሠራል ብለው ነው የሸጡልን።

ቆርቆሮ፦ 100 ሜትሩ የኢተርኔት ነው ወንድሜ። መንገዱ አንድ ነው ብለህ ባጃጅ መተማ ድረስ ትሰዳለህ?

ጋሽ ሽቦ፦ ሚዛንህ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያወራበት መስመር አርኤስ-232 ይባላል፤ ርዝመቱ ድሮ እስከ 15 ሜትር ተብሎ ነበር። በኋላ ሜትሩን ትተው እስከ 2500 ፒኮፋራድ አሉ፣ ኬብሉ ቻርጅ የመያዝ አቅሙ የሚለካበት ነው። ሽቦዎቹ ተጠጋግተው ስለሚሄዱ ቻርጅ ይይዛሉ፤ ያንተ ኬብል በሜትር 50 ገደማ ይይዛል፣ በ70 ሜትር 3500 ገባ። ቮልቴጁ ገና ሲንፏቀቅ ቀጣዩ ቢት ይደርስበታል። በ9600 ቢሆን ምናልባት አይታወቅህም ነበር።

ፎርማት_አድርገው፦ ዩኤስቢ ማስረዘሚያ ግዛ በቃ።

ቆርቆሮ፦ ዩኤስቢማ 5 ሜትር ላይ ያበቃል። ይልቅ ኮምፒውተሩን ማን አዛውሩ አላችሁ? ላፕቶፕ ይዘህ ሚዛን ቤት ግባና ሰልፉን ጨርስ።

ባለሚዛኑ፦ ላፕቶፕ የለም። አለቃዬ ነው አዛውሩ ያለው።

ሶልደር፦ ለዛሬ ባውድ ሬቱን 1200 አድርገው። ክብደት ጥቂት ፊደል ነው፣ አይዘገይብህም። የካሊብሬሽኑን (የሚዛኑን ልክ ማስተካከያ) ሜኑ ግን እንዳትነካ፣ ማኅተሙ ከተነሳ ሌላ ጣጣ ነው። ለዘለቄታው በሁለቱም ጫፍ የ485 ኮንቨርተር፣ ማለትም 232ን ለረጅም ርቀት ወደተሠራው አርኤስ-485 የሚቀይር ዕቃ፣ አስገባ፤ በዝቅተኛ ፍጥነት 1200 ሜትር ድረስ ይሄዳል። ኤ እና ቢ የሚባሉት ሁለቱ የ485 መስመሮች በአንድ ጥምዝ ጥንድ ሽቦ ይሂዱ፣ ለምሳሌ ሰማያዊውና ነጭ ሰማያዊው። በየጫፉ 120 ኦም ሬዚስተር አድርግ። ምንም ንባብ ካልመጣልህ ኤ እና ቢን ገልብጣቸው።

ጋሽ ሽቦ፦ ኬብሉን ከጀነሬተሩ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አልሳባችሁትም አይደል? ይረብሸዋል።

ባለሚዛኑ፦ እ... በአንድ ቱቦ ነው። 1200 አደረግሁት፣ አሁን ጭራሽ ምንም አይመጣም!

ሶልደር፦ ኢንዲኬተሩ ላይ ብቻ ነው የቀየርከው? ሶፍትዌሩም ላይ 1200 ይሁን እንጂ!

ፎርማት_አድርገው፦ ድራይቨሩን ግን ጫንከው?