የተዘጋ ፋብሪካ የነበረበት መሬት ላይ መናፈሻና ቤት መሥራት ይቻላል? ከየት ይጀመራል?

የሰፈር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን መሃል ከተዘጋ ብዙ ዓመት የሆነው ፋብሪካ አለ። ማሽኖቹ ተነቅለው ሄደዋል፣ አጥሩ ግማሹ ወድቋል፣ ግቢው ሣር ለብሶ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። መጀመሪያ ቆዳ የሚለፋበት ነበር፣ ኋላ ላይ ደግሞ ብረታ ብረት ሲሠራበት ቆይቷል ይባላል። ባለቤቱ አሁን መሬቱን በነፃ ልስጣችሁ እያለ ነው። ኮሚቴው ከፊሉን መናፈሻና የጓሮ አትክልት፣ ከፊሉን መኖሪያ እናድርገው ብሏል። አንዱ «አፈሩ መርዝ ነው፣ አትንኩት» ይላል፣ ሌላው «ሣር ያበቀለ መሬት ምን ይሆናል» ይላል። ገንዘባችን ትንሽ ነው። አፈር ቆንጥረን ላብራቶሪ እንላክ ወይስ መቅደም ያለበት ነገር አለ?

አፈር መርማሪ፦
ላብራቶሪው ይቆያችሁ። ላብራቶሪ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ሊድ (እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት) ለኩልን ካላችሁ ሊድ ይለካሉ፣ ስለ ሶልቨንት (ቅባት ማሟሚያ ኬሚካል) ትንፍሽ አይሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የግቢውን ታሪክ ሰብስቡ። የድሮ ፕላን፣ ከአየር ላይ የተነሱ የቆዩ ፎቶዎች፣ የፈቃድ ወረቀቶች። ቦይለሩ የት ነበር? የነዳጅ ታንኩ ከመሬት በላይ ነው ወይስ የተቀበረ? ትራንስፎርመሩ የት ቆሞ ነበር? ፍሳሹ በየት በኩል ይወጣ ነበር? በሙያው ይህን ምዕራፍ አንድ (በእንግሊዝኛ Phase 1) ይሉታል፣ አንድ አካፋ አፈር እንኳ አይነሳበትም። ቁፋሮው ምዕራፍ ሁለት ነው፣ ብሩን የሚበላውም እሱ ነው። ታሪኩ ከታወቀ ግን ግቢውን ሁሉ ከመቦርቦር ትድናላችሁ፣ ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ ብቻ ትቆፍራላችሁ።

ቆዳ ተለፍቶበት ከሆነ ክሮም የሚባለው ብረት አይቀርም። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮም 3 የሚባለው ዓይነት ነው፣ እሱ ያን ያህል አያስፈራም። ካንሰር የሚያመጣው ክሮም 6 ነው። ተራው ምርመራ ሁለቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ክሮም 6 ለብቻው ይለካልን በሉ። ፋብሪካው የቆየ ከሆነ አርሴኒክ የሚባለውንም መርዝ አስጨምሩ፣ ድሮ ቆዳ ላይ ይጠቀሙበት ነበር።

የብረታ ብረቱ ዘመን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ግሪስ ለማጠብ ትራይክሎሮኢትሊን የሚባል ሶልቨንት በብዙ ቦታ ይሠራበት ነበር። ይኼ ነገር ከውሃ ይከብዳል። ቤንዚንና ናፍጣ የከርሰ ምድር ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ፣ እሱ ግን ውሃውን አልፎ ቁልቁል ይሰምጣል፣ የሸክላ አፈር ሲያገኝ እዚያው ይተኛል። ላይ ላዩን አፈር ቆንጥራችሁ ብትልኩ ውጤቱ ንጹህ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ናሙናውም በፌስታል አይያዝም፣ ተኖ ያልቃል። ደህና ባለሙያ አፈሩ ተቆፍሮ የሚወጣበት ቱቦ ከመሬት እንደወጣ ሰንጥቆ ይከፍተዋል፣ በጋዝ መለኪያ ዳር እስከ ዳር ያሸትተዋል፣ ቁጥሩ ከፍ ካለበት ቦታ ትንሽ አፈር ወስዶ ወዲያው ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ በረዶ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህን የማያደርግ ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። ለከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 3 ጉድጓድ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ባነሰ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ አይታወቅም።

ጡረተኛው፦
እኔ እንኳ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት እንዲህ ባለ ፋብሪካ ነው፣ የሌላ ሰፈር ይሁን እንጂ። ልጄ፣ ፕላን ላይ የሌለ ብዙ ነገር አለ። የማጠቢያው ገንዳ ሲቆሽሽ የት ይደፋ ነበር መሰለህ? ከኋላ በር ውጪ። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ አቧራ እንዳይነሳ ግቢው ላይ ይረጭ ነበር፣ ያኔ ብልህነት ነበር እሱ። የቦይለሩ አመድ ጎርበጥባጣውን መሬት መሙያ ሆነ። በርሜል የቀበሩም አሉ። ይህን ማንም ወረቀት ላይ አላሰፈረም። ፋብሪካው ውስጥ የሠሩ ሽማግሌዎች ካሉ ቡና ጋብዟቸውና ግቢው ውስጥ እየዞሩ በጣታቸው ያሳዩዋችሁ። ቁጭ ብሎ ከመጠየቅ እየዞሩ መጠየቅ ይሻላል፣ ቦታውን ሲያዩ ትዝ ይላቸዋል። የጽዳትና የጥገና ሠራተኛውን ጠይቁ እንጂ ሥራ አስኪያጁን አይደለም።

አፈር መርማሪ፦
አባቴ እድሜ ይስጥዎ! የአመዱን ነገር እኔም ዘንግቼው ነበር። እንዲህ ያለ ሙሊት ውስጥ ሄቪ ሜታል (እንደ ሊድ ያሉ መርዛማ ብረቶች) እና ከቃጠሎ የሚቀሩ ካንሰር አምጪ ነገሮች ብዙ ጊዜ ይገኛሉ።

ቶሎ በል፦
ጥናት ጥናት ስትሉ ግቢው ሌላ 20 ዓመት የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። አስፋልት አንጥፉበትና መኪና ማቆሚያ አድርጉት፣ አለቀ። ማን አስፋልት ይበላል?

አፈር መርማሪ፦
@ቶሎ በል፣ ወንድሜ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትክም። የጽዳቱ ልክ የሚወሰነው መሬቱ ለምን እንደሚውል ነው። ሕፃን አፈር ላይ እየዳኸ የሚያድግበት ቤትና መኪና የሚቆምበት ሜዳ አንድ መለኪያ የላቸውም። መሸፈንም የታወቀ መፍትሔ ነው። ግን የሶልቨንት ጋዝ ሽፋን አያቆመውም፣ ወደ ጎን ሄዶ በጎረቤት ቤት ወለል ስንጥቅ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሥር ያለውን እወቅ፣ ከዚያ ሸፍን።

ሌላው ችግር ሽፋኑ መኖሩ የሚረሳ መሆኑ ነው። አሜሪካ ናያግራ ፎልስ ውስጥ ላቭ ካናል የሚባለውን ቦታ እንይ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1942 እስከ 1953 ወደ 20 ሺህ ቶን የኬሚካል ቆሻሻ ተቀበረ፣ በሸክላ አፈር ተሸፈነ፣ ከዚያ ለትምህርት ቦርዱ በ1 ዶላር ተሸጠ። ውሉ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ነበር። ቢሆንም ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ዙሪያውን ቤት ተሠራ፣ መንገድና ቱቦ ሲዘረጋ ሽፋኑ ተቦደሰ፣ በ1978 ሰዎች ቤታቸውን ጥለው እንዲወጡ ተደረገ። ለዚህ ነው አሁን ጥንቁቅ መሐንዲስ ከንጹሁ አፈር ሥር ደማቅ ብርቱካናማ መረብ የሚያነጥፈው፣ ነገ የሚቆፍር ሰው እሱን ሲያይ እንዲቆም።

እና «በነፃ ልስጣችሁ» የሚለው ነገር ያሳስበኛል። አሜሪካ ውስጥ በ1980 በወጣው ሕግ መሬቱን የያዘ ሰው እሱ ባይበክለውም የጽዳቱን ዕዳ ሊሸከም ይችላል። በ2002 ነው ከመግዛቱ በፊት በሚገባ ያጣራ ገዢ ከለላ ያገኘው። የእናንተ አገር ሕግ ምን እንደሚል ሳታውቁ አትፈርሙ።

ሰብለ፦
ስለ አትክልቱ ልበል። አፈሩ ላይ በቀጥታ አትዝሩ። ጂኦቴክስታይል (ውሃ የሚያሳልፍ፣ አፈር የሚለይ ጨርቅ) አንጥፋችሁ ከሌላ ቦታ የመጣ ንጹህ አፈር በእንጨት መደብ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። ሊድ ባለበት አፈር የሚያሰጋው ካሮትና ሰላጣ ነው፣ አፈር ይይዛሉ፣ ቲማቲም ይሻላል። የሱፍ አበባ ተክለን መርዙን እየሳበ አፈሩን እናጽዳው የሚል ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ሊድን እንደዚያ ለማውጣት እጅግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፣ ያደገውም ሱፍ ራሱ እንደ ቆሻሻ መወገድ አለበት። እስኪጣራ ድረስ ልጆቹ እዚያ ኳስ ባይጫወቱ ይሻላል።

መናፈሻው ግን ይቻላል። አሜሪካ ሲያትል ከተማ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1906 እስከ 1956 ጋዝ ሲመረትበት የነበረ ቦታ በ1975 መናፈሻ ሆኖ ተከፍቷል፣ ማሽኖቹም እዚያው ቆመዋል። ያው በ1984 አፈሩ እስኪመረመር ለጊዜው ተዘግቶ ነበር፣ ክትትሉ አያልቅም። በጀርመኑ ዱይስቡርግ ከተማ ያለው መናፈሻ ደግሞ በ1985 የተዘጋ የብረት ፋብሪካ ነው፣ ዛሬ ሰው ግድግዳውን ይወጣበታል።

የሰፈር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የድሮ ሠራተኞቹን እሁድ እንሰበስባለን፣ ባለቤቱንም ወረቀቱን እስክናይ ጠብቅ ብለነዋል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ግቢው ጥግ ላይ የውሃ ጉድጓድ አለ፣ አንዳንድ ቤቶች ይቀዱበታል። አፍልተው ቢጠጡትስ?

አፈር መርማሪ፦
በፍጹም! ማፍላት ጀርም ነው የሚገድለው። ሊድና አርሴኒክ አይተኑም፣ ውሃው ሲቀንስ እነሱ ይጠነክራሉ። ሶልቨንቱ ደግሞ ይተናል፣ የሚተነው ግን ማዕድ ቤት ውስጥ ነው፣ ትተነፍሱታላችሁ። ዛሬውኑ ክዳን አድርጉበትና ለጤና ባለሥልጣን አሳውቁ። የመጀመሪያው ናሙና ከዚያ ጉድጓድ ይወሰድ፣ ቁፋሮም አይፈልግም፣ ብዙ ነገር በርካሽ ይነግራችኋል።