ስሪ ቲዝን የሚሰማ አለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ። ስሪ ቲዝ የሚባል የሎስ አንጀለስ ኢንዱስትሪያል ሜታል ባንድ (ከባድ ጊታርን ከማሽን ድምፅ ጋር የሚቀላቅል) ሰሞኑን ይዞኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት አልበም ጀመርኩ። ጊታሩ ከባድ ነው፣ ድምፃዊው ግን በተበላሸ ስልክ የሚያስፈራራኝ ይመስላል። ጓደኛዬ «የሚኒስትሪ (የቆየው የአሜሪካ ባንድ) ቅጂ ናቸው» ብሎ ተወኝ። እውነት ነው?

መልስ 1፦ ጓደኛህ ትንሽ ቸኩሏል። የሚኒስትሪ ተፅዕኖ አለ፣ ማን ይክዳል? ግን በ2014 የወጣውን የመጀመሪያውን አልበም ስማው። እዚያ ሲንተሳይዘሩ (ድምፅ የሚፈጥረው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ነው የሚነዳው፣ ጊታሩ ከኋላ ነው። እየቆዩ ወደ ሜታል አዘነበሉ። በ2016 የአሜሪካው ሮክ ባንድ ቱል፣ በ2017 ደግሞ የጀርመኑ ባንድ ራምስታይን መድረክ እንዲያሟሟቁላቸው ይዘዋቸው ዞረዋል። ራምስታይንን ሊያይ የመጣ ሕዝብ ፊት መቆም ቀልድ አይደለም። እኔን የሚያሰለቸኝ ሌላ ነው፦ ስለ ኢንተርኔትና ስለ ጦርነት የሚሉት ነገር አንዳንዴ መፈክር ይሆናል። ሪትሙ ግን ያስረሳል። ደግሞ በስልክ ስፒከር አትስማው፤ ቤዙ ይጠፋል፣ ጩኸቱ ብቻ ይቀርሃል።

መልስ 2፦ የዚህን ሙዚቃ ሥር ከፈለግህ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ በርሚንግሃም ሂድ። የዚያ ከተማ ባንድ ጎድፍሌሽ ገና በ1980ዎቹ ከበሮ መቺውን ትተው ከበሮውን ለማሽን ሰጡት። ከአዲሶቹ ደግሞ ኦተር ኤንድ ፐኒሸር። አንድ ሰው ነው፣ የሳን ዲዬጎ መካኒካል ኢንጂነር። መሣሪያዎቹን ራሱ ከብረት ይሠራቸዋል።

ጠያቂው፦ ኢንጂነሩን አሁን ከፈትኩት። ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበ ነው፣ ሄድፎን ልፈልግ።