የሥራ ሰዓት በራሱ ገንዘብ ሊሆን ይችላል?

ጥያቄ፦
ብሪታንያዊው የማኅበራዊ ለውጥ አራማጅ ሮበርት ኦወን እ.ኤ.አ. በ1832 ለንደን ውስጥ በከፈተው የሥራ ልውውጥ ገበያ፣ ጫማ ሰፊው የሠራውን አስረክቦ የጥሬ ዕቃው ወጪና የፈጀበት ጊዜ ከተሰላ በኋላ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይቀበል፣ በዚያም የሌላውን ሰው ሥራ ይገዛ ነበር። ገበያው ግን በ1834 ተዘጋ። የሸቀጥ እሴት (ከገበያ ዋጋው ሥር አለ የሚባለው መለኪያ) ምንጩ የሰው ሥራ ከሆነ ይህ ለምን ሳይሳካ ቀረ? ወይስ እሴትን ከገንዘብ ለይቶ ማሰብ ከመነሻው ስሕተት ነው?

መልስ 1፦
ጉድለቱ የአሠራር ይመስለኛል። የጥሬ ዕቃው ወጪ በገበያ ዋጋ ይሰላ፣ አንዱ ሰዓትም በ6 ፔንስ ይመነዘር ስለ ነበር፣ ወረቀቱ ከገንዘብ አልተላቀቀም። ከውጭው ገበያ የረከሰው ዕቃ ወዲያው ሲነሣ የተወደደው ተከማችቶ ይቀራል።

መልስ 2፦
ይህ ልክ ቢሆንም ዋናውን ነገር ይዘለዋል። በማርክስ አስተሳሰብ እሴትን የሚወስነው አንድ ሰው የፈጀው ሰዓት ሳይሆን ለማኅበረሰቡ በአማካይ አስፈላጊ የሆነው የሥራ ጊዜ ነው፤ ለየብቻቸው የሚያመርቱ ሰዎች ሥራ በእርግጥ የሚፈለግ መሆኑም የሚረጋገጠው ሸቀጡ ተሽጦ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ነው። የኦወን ገበያ ግን ገዢ ሳይገኝ፣ ገና በርክክቡ ላይ ሰዓቱን ያጸድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የማርክስ ተንታኙ አይዛክ ሩቢን፣ ከብዙ ዘመን በኋላም ሌላው ተንታኝ ሚካኤል ሃይንሪሽ ያጎሉት ይህንኑ ነው። (ማርክስ ራሱ ኦወንን በለዘብታ ነው ያለፈው፤ ወረቀቱን ከቴአትር ቤት ትኬት ጋር አመሳስሎ ገንዘብ አይደለም አለ። ሙግቱ እንዲህ ያለውን የሥራ ሰዓት ገንዘብ ካቀነቀነው ከጆን ግሬይ ጋር ነበር።)

መልስ 3፦
ሥራው የሚረጋገጠው በሽያጭ ከሆነ፣ ዋጋውን በሰዓት አስረዳን ማለት ራሱ ላይ የሚዞር ሙግት አይሆንም? ጸሐፊው ሳሙኤል ቤይሊ ገና እ.ኤ.አ. በ1825 እሴትን ከሥራ ጋር ያያዘውን ኢኮኖሚስት ዴቪድ ሪካርዶን ሲተች፣ እሴት በዕቃዎች መካከል ያለ ዝምድና እንጂ በዕቃው ውስጥ የተቀመጠ ነገር አይደለም ብሎ ነበር። ኢኮኖሚስቱ ፒዬሮ ስራፋም እ.ኤ.አ. በ1960 ከማምረቻው ሁኔታና ከገቢ ክፍፍሉ ተነሥቶ፣ የሥራ እሴትን ሳያስቀድም ዋጋን ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል።

መልስ 2፣ በድጋሚ፦
የዋጋን መጠን አስቀድሞ ለማስላት ከሆነ ይህ አተረጓጎም ብዙም እንደማይረዳ እቀበላለሁ። ይሁንና ሽያጩ ሥራውን ያጸድቀዋል እንጂ አይፈጥረውም። በእንግሊዝ አገር በእንፋሎት የሚሠራው የሽመና መኪና ሲስፋፋ፣ የእጅ ሸማኔው እንደ ቀድሞው ያህል ሰዓት እየሠራ፣ ማርክስ በምሳሌው እንዳስቀመጠው፣ የአንድ ሰዓት ሥራው እንደ ግማሽ ሰዓት ብቻ ተቆጠረበት። ይህን የነገረው የጨርቁ ዋጋ ቢሆንም፣ ዋጋውን ያወረደው በፋብሪካው ውስጥ የተለወጠው ሥራ ነው።