የቶማስ ቤርንሃርድን «አሰብኩ» በአማርኛ እንዴት ላድርገው?

ኦስትሪያዊው ቶማስ ቤርንሃርድ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ዴር ኡንተርጌየር» ልቦለድ ከጀርመንኛ እየተረጎምኩ 30ኛው ገጽ ላይ ቆሜያለሁ። መጽሐፉ ከመክፈቻው ጥቂት መስመሮች በቀር አንቀጽ የለውም። ተራኪው ማረፊያ ቤት ገብቶ፣ ራሱን ስላጠፋው ጓደኛው ስለ ቬርትሃይመር ሲያወጣ ሲያወርድ «አለ፣ አሰብኩ» የሚለው በየመስመሩ ይመላለሳል፤ ጀርመንኛው ላይ እንደ ፒያኖ ምት ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ «ብሏል ብዬ አሰብኩ» እየተደራረበ አፍ ይይዛል። ዓረፍተ ነገሩን ቆራርጬ ሞከርኩ፤ ንባቡ ቀለለ፣ ግን ያ ትንፋሽ የሚያሳጥር ጨለማ ጠፋ። ደራሲው ከወጣትነቱ ጀምሮ ሳንባውን ሲታመም የኖረ ሰው ነውና ትንፋሹን ልነካበት አልፈልግም። «ብዬ»ን ጥዬ «አሰብኩ»ን በነጠላ ሰረዝ መሃል ብቻ ባስገባት፣ የአማርኛ አንባቢ ሳይደናገር ይከተለኛል?